የጋኑ ጨው

ከዳባት በላይ ባለው ሜዳ የቆመውን ትልቅ የብረት ታንከር እኛ «ጋን» እንለዋለን። ቀን በዙሪያው የተደረደሩት መስታወቶች የለቀሙትን የፀሐይ ሙቀት በቀለጠ ጨው ውስጥ ያቆየዋል፤ ሲመሽ በዚያው ሙቀት ውኃ አፍልቶ መብራት ይሰጠናል። የሰኔ ጭጋግ አገሩን ሲውጠው እንኳ ወደ ጋኑ አይጠጋም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፍሁ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ጎረቤቴ አያ ሻረው ግን ሁሉን ያውቃሉ። ዳለቻ የሚባል አንድ በሬ አላቸው፣ እኔም አንድ አለኝ፤ አቀናጅተን እናርሳለን። ገብስ ልንዘራ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ከጋኑ ቧንቧ ፈስሶ የረጋ ነጭ ጨው በመጥረቢያ ፈልጠው ይዘው መጡ።

«ዘበኛው ያርጋል አትንኩት ብሎ የለም እንዴ?» አልኋቸው።

«አንቺ ሐመልማል፣ ያርጋል ሰው አይቅመሰው አለ እንጂ በሬ አይላሰው አላለም።»

«ይተዉ አያ ሻረው፣ ዳለቻ ሲመሽ መብራት እንዳይሆንብዎ!»

ተሳሳቅን። መከልከል ሲገባኝ ሳቅሁ። እሳቸውም ጨዉን እኩል ገምሰው ለበሬዎቹ ሲሰጡ የእኔን አስቀደሙ፤ የሰው አደራ ነዋ።

ረፋዱ ላይ ሁለቱም ተኙ። አንዱም አልጮኸም። ጋኑ ከወዲያ ያጉረመርማል፤ የሁለቱ ትንፋሽ ከእሱ ጋር እኩል ይወጣል፣ እኩል ይገባል። የከብት ሐኪሟ ሠርካለም ከደባርቅ በሞተር መጥታ የዳለቻን ጆሮ ብትወጋው፣ ደሙ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወረደ። አያ ሻረው አማተቡ።

«ይኼ የሚላስ ጨው አይደለም፣» አለች። «ደማቸው አየር መያዝ አቅቶታል። መድኃኒቱ አለኝ፤ ግን የሚበቃው ለአንድ ነው።»

«የሐመልማልን በሬ ውጊው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣» አሉ አያ ሻረው።

«የእርስዎ ይዳን» ልል ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሰማያዊው መድኃኒት በእኔ በሬ አንገት ገባ፤ ዳለቻ ዓይናችን እያየ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን የእኔው ተነሣ፤ ሽንቱ ገና ሰማያዊ ነበር። አያ ሻረው ሌላ በሬ ከመለመናቸው በፊት የዚህኛው አንገት ጸንቶ እንደሆነ ሊያዩ ቀንበሩን ጫኑበት። ባዶውን ጎን በእጃቸው ደግፈው ቆዩና ለቀቁት።

ቀንበሩ አልወደቀም። እኩል ሆኖ ቀጥ አለ።

እጃቸውን ከባዶው ቀንበር ሥር አሳልፈው ቶሎ ሰበሰቡት። መዳፋቸው ርሷል።

«ላብ ነው፣» አሉ።

«የማን ላብ?»

መዳፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሰኔ እያለቀ ነው፤ ዘንድሮ ካልዘራን ሁለታችንም የምንበላው የለንም።

«ሞፈሩን አቀብይኝ፣» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

አቀበልኋቸው። ጅራፉን አነሡ፣ ማንንም ግን አልመቱበትም።

«ዳለቻ፣ በል እንጂ ልጄ፣» አሉ።

ባዶው ጎን ቀድሞ ተራመደ።