ጥፋተኛው ማርሽ

በዚያ ቤት ለመኪናዋ ጉድ ሁሉ ተጠያቂው ማርሹ ነበር። አባትየው ሦስተኛ ሲፈልጉ አንደኛ ገብቶ መኪናዋ እንደ ፍየል ስትዘል፣ እናትየው ከኋላ ወንበር «ይሄ ማርሽ ነው» ይላሉ፤ ነገሩም እዚያው ይዘጋል። አባትየው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ማርሽ ይስታል ብሎ ያሰበ ቢኖርም፣ ሐሳቡን ከነምራቁ ውጦታል።

ልጅየው ግን መፍትሔ ካላመጣሁ የሚል ዓይነት ነው። በሙያው የጥርስ ሐኪም፣ በስልክ ቪዲዮ ደግሞ መካኒክ። የማርሹ ዘንግ የሚንቀጠቀጠው ሥሩን የሚይዘው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ስለተበላ ነው፣ የተበላ ጎሚኒ ከተበላ ጥርስ በምንም አይለይም ብሎ ገለጻ አደረገ። አጠር ያለ ዘንግ፣ ጠንካራ ጎሚኒና ለመጨበጫ የሚሆን ከባድ የብረት ኳስ አስመጣ። ቅዳሜን መኪናዋ ሆድ ሥር ተጋድሞ ዋለ። ሲወጣ ፊቱ ግራሶ በግራሶ፣ ማርሹ ግን ቀጭ ብሎ የሚገባ፣ በቦታው ቆሞም የማይነቃነቅ ሆኗል።

በማግሥቱ አባትየው ነዱ፤ ልጅየው ከጎናቸው፣ እናትየው ከኋላ። አደባባዩ ጋ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሉ አንደኛ ገባ። መኪናዋ ዘለለች፣ ሞተሯ ጠፋ። ከኋላ ክላክስ ተንጫጫ።

ልጅየው ዘንጉን አየ። ቀጥ ብሏል። ኳሱ ላይ ያረፈው የአባቱ እጅ ግን ይንቀጠቀጣል። አሮጌው ዘንግ ራሱ ሲንቀጠቀጥ ስለሚውል፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የእጁን መንቀጥቀጥ ሸፍኖ ኖሯል።

እናትየው በአዲሱ ማርሽ ማሳበብ አልቻሉም።

«መንገዱ ነው» አሉ። መንገዱ ገና አዲስ አስፋልት ነበር።

«አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጎሚኒው ሳይበላ በፊት።» አባትየው እጃቸውን ጭናቸው ሥር ሸጎጡት። «አሮጌውን መልስልኝ።»

ልጅየው በዚህ እጅ መንዳት እንደማይቻል፣ ሐኪም መታየት እንዳለባቸው መደርደር ጀመረ።

«ልንዳ አልኩህ? መልስ ነው ያልኩህ። እና ለሰው ምን ልበል? ማርሹ ተሠርቶ ሹፌሩ ተበላሸ ልበል?»

ልጅየው ቤት ሲደርሱ ያን ሁሉ የለፋበትን ፈታ፤ የተበላውን ጎሚኒ ከቆሻሻ ቅርጫት ፈልጎ፣ እንደ ወርቅ ጠርጎ መለሰው።

ሲጨርስ አባትየው በመሪው በኩል ያለውን በር አልፈው በጋቢናው ገቡ። ቁልፉን ለልጃቸው አቀበሉት።

አደባባዩ ጋ ልጅየው ሦስተኛ ፈለገ፤ አንደኛ አገኘ። መኪናዋ ዘለለች።

«ይሄ ማርሽ ነው» አሉ አባትየው፣ አንዱን እጃቸውን በሌላው ጥብቅ አድርገው ይዘው።

እናትየው ከኋላ ሆነው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እሱ ነው እንጂ» አሉ። «ሌላማ ምን ይሆናል።»