የዲሽ ተራ

ቡልቡላ ላይ ደሊል ሪሞቱን ወርውሮ የጋሽ ዲበኩሉን ቅንድብ የፈነከተ ዕለት፣ የቁፋሮ ቡድኑ አለቃ ኢንጂነር ሰይፈሚካኤል ሁለቱንም ማናሴንም የሚያድሩበት ተጎታች ካራቫን ፊት አቁሞ የተናገረው አጭር ነበር።

«ሌላ ጊዜ ደም ካየሁ ካራቫኑን ቆልፌ ወደ አዳማ እመልሰዋለሁ። የት እንደምታድሩ ያኔ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ይህን ንግግር እንደ ማናሴ የፈራው አልነበረም። ማናሴ በውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ቡድኑ ውስጥ ጄኔሬተርና ኤሌክትሪክ የሚያይ ልጅ ነው። አዳማ ተከራይቶት የነበረውን ክፍል ከለቀቀ ቆይቷል። ሜዳ ላይ እየዋለ እያደረ ለባዶ ክፍል መክፈል ሞኝነት መስሎ ስለታየው አልጋውን ሸጦ፣ መጻሕፍቱን ለቤተ ክርስቲያናቸው ወጣቶች አድሎ፣ ጠቅልሎ ካራቫኑ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ቤቴ የሚለው እሱን ብቻ ነው። ቡልቡላም ይቁም ቆቃ፣ ማታ ገብቶ ጫማውን የሚያወልቀው እዚያችው አልጋ ሥር ነው።

ጠቡ ሁልጊዜ በቴሌቪዥን ነው። ካራቫኑ ጣሪያ ላይ አንድ ዲሽ አለ። ወደ ምዕራብ ሲያዞሩት ናይልሳት ይገባል፤ የዓረብ ቻናል፣ የተኩስ ፊልም፣ ሬስሊንግ። ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩት ኢትዮሳት ይመጣል፤ የአገር ውስጥ ዜና፣ ድራማ፣ መዝሙር። ሁለቱን ባንድ ላይ ማየት አይቻልም። የቁፋሮ ማሽኑ ኦፕሬተር ደሊል ሬስሊንግ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሰብር ውሎ ማታ ሰው ሲሰበር ማየት ያሳርፈዋል። ካራቫኑን በከባድ መኪናቸው የሚጎትቱት ጋሽ ዲበኩሉ ደግሞ በወጣትነታቸው ለጦር ግንባር ጥይት ያመላልሱ የነበሩ ሹፌር ናቸው።

«የተሰበረ አንገት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለጨዋታ ብዬ አላይም» ይላሉ። እሳቸው የሚፈልጉት ዜናቸውን ሰምተው የማታውን ተከታታይ ድራማ አይተው መተኛት ነው።

ማናሴ ያልሞከረው ዘዴ አልነበረም። አንቴና ገዛ፤ ከአዳማ ትንሽ እንደራቁ ስክሪኑ ጉንዳን የሚራኮትበት መሰለ። ፊልም በፍላሽ አስጭኖ አመጣ፤ ጋሽ ዲበኩሉ «ዜናውንም በፍላሽ ታመጣልኛለህ?» ብለው ሳቁበት። በስልክ እንዳያዩ ኔትወርኩ ጉብታ ላይ ካልወጡ አይገኝም። ሁለተኛ ዲሽ እንትከል ሲል ደሊል «ቴሌቪዥኑንስ? መሃል ለመሃል እንሰንጥቀው?» አለው። በመጨረሻ ተራ አወጣላቸው። ካራቫኑ በቆመበት ቦታ አንዱ ይመርጣል፤ ሥራው አልቆ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ሌላው ይመርጣል። ለራሱ ተራ አልያዘም። ሁለቱም ተጨባብጠው ተስማሙ።

ያላሰበው ደረቅ ጉድጓድን ነበር።

ቡልቡላ የደሊል ተራ ነበር። ገና ሬስሊንጉን በወጉ ሳያጣጥም፣ በዚያ ላይ ጋሽ ዲበኩሉ መሃል ላይ ስላጠፉበት ተፈናክተው ሳለ፣ ከጉድጓዱ የወጣው ውሃ ጨው ሆነና ጉድጓዱ እንደ ደረቅ ተቆጥሮ ተጣለ። ካራቫኑ ወደ ወለንጪቲ ተጎተተ።

ወለንጪቲ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጣሪያውን እንደ ምጣድ አግሎት፣ ማናሴ እላዩ ላይ ወጥቶ አስራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፍ ይዞ ዲሹን ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ጋሽ ዲበኩሉ በሩ ላይ ቆመው ስክሪኑን እያዩ ይጮኻሉ።

«መጣ! አለፈ! መልሰው፣ ቀስ... እዚያው! እዚያው ያዘው! ተባረክ!»

ደሊል ከማሽኑ ወርዶ በዘይት የጨቀየ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ።

«ያ ማናሴ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«የጋሼ ተራ ነው።»

«የማን ተራ? ቡልቡላ መቼ የሚጠጣ ውሃ ወጣ? ደረቅ ጉድጓድ ጉድጓድ አይደለም! ኩባንያው ራሱ ቦነስ ሲያስብ አይቆጥረውም። አንተ ከኩባንያው ትበልጣለህ?»

ማናሴ ቁልፉን ይዞ አሰበ። ደሊል ያለውም እውነት አለው። ግን ቃሉ ቃል ነበር። «ካራቫኑ ከተንቀሳቀሰ ተራው አልፏል፤ እንዲህ ነው የተባባልነው» አለ።

«ሰማህ አይደል?» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ። «በል አሁን ሂድና ድንጋይህን ቆርጥም።»

ደሊል ወደ መሰላሉ ሮጠ። መሰላሉን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣና የማናሴን እጅ አንጓው ላይ ይዞ ጠመዘዘው። ማናሴ ጉልበቱ በጋለው ቆርቆሮ ላይ ወደቀ። ቁልፉ ከጣቶቹ ሲፈለቀቅ አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማ።

«አንተ ሰው፣ እጄን!»

«አልጠላህም እኮ» አለው ደሊል፣ ሳያየው፣ ብሎኑን እያላላ። «ፍርድህ ነው ያስጠላኝ።» ዲሹን በትከሻው ገፍቶ ወደ ምዕራብ አዞረውና ወደ ታች ጮኸ። «አንተ ሽማግሌ! ድራማህን ሕልምህ ላይ እየው!»

ማናሴ አንጓውን በሌላው እጁ ጨብጦ ሲያቃስት፣ ጋሽ ዲበኩሉ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ አየ። የጎማ መፍቻውን ብረት ከወንበሩ ሥር አውጥተው ተመለሱ። መሰላሉ ጎን ቆሙ። ደሊል ጀርባውን ሰጥቶ መውረድ ጀመረ። ማናሴ «ደሊል፣ ቆይ!» ማለት ይችል ነበር። አፉን እንኳ ከፍቶ ነበር። እጁ ሲጠዘጥዘው ዘጋው።

የመጀመሪያው ምት መሰላሉን የያዘው ክንዱ ላይ አረፈ። የደረቀ እንጨት የተሰበረ ዓይነት ድምፅ ወጣ። ደሊል ከነመሰላሉ በጎኑ ወደቀ።

«ሽማግሌ አልከኝ?» ጋሽ ዲበኩሉ ደገሙት፤ ሁለተኛው ጀርባውን አገኘው። «እኔን? አንተን የመሰለ ስንቱን ቀብሬ የመጣሁትን?»

ደሊል ተንፏቆ በእግሩ ጉልበታቸውን መታቸው። ወደቁ። ብረቱ ከእጃቸው ሲያመልጥ ባንድ እጁ አንገታቸውን አንቆ፣ በግንባሩ አፍንጫቸውን ደጋግሞ ወቃቸው። ማናሴ ከጣሪያው ዘሎ መሃላቸው ገባ፤ ክርን ጆሮ ግንዱን አጮለው፤ እየጎተተ፣ እየለመነ፣ አላቀቃቸው። የካራቫኑ ደረጃ በደም ተረጭቶ ነበር። የደሊል ክንድ ከእጅ አንጓው በላይ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል።

በከተማው በኩል አቧራ ተነሣ። የኢንጂነሩ ፒክአፕ ነው።

ማናሴ ወደ ካራቫኑ ሮጠ። ውሃ አንሥቶ ደረጃው ላይ ደፋ፤ በእግሩ አፈር መለሰበት። «ጋሼ፣ ፊትዎን ይታጠቡ፣ ነስር ነው ይበሉ። ደሊል፣ በናትህ፣ ዲሽ ሳስተካክል ከጣሪያ ወደቅኩ በለው። ካራቫኑን ይዘጋዋል!»

ደሊል በላብ ተጠምቆ፣ ጥርሱን ነክሶ ሳቀ። «እሺ፣ ወድቄ ነው እላለሁ። ግን ዲሹ እንዳዞርኩት ይቆያል።»

«ክንድህ ተሰብሮ?»

«ክንዴ የተሰበረው በምን ሆነና ነው? ቢያንስ ያዞርኩት ይቆይልኝ።»

ማናሴ ወደ ጋሽ ዲበኩሉ ዞረ። «ጋሼ፣ ሰምተዋል። ይህን ቦታ ብቻ ይለፉት። ቀጣዮቹን ሁለት ተራዎች እሰጥዎታለሁ።»

ሽማግሌው ደም ተፉ። «እኔ ነኝ የመታሁት። አንገቴን ቀና አድርጌ እነግረዋለሁ። ይዝጋው!»

«ቤታችን ነው እኮ!»

«ቤት?» ጋሽ ዲበኩሉ የወደቀውን መሰላል አንሥተው አስደገፉት። «ይኼ ሣጥን? እኔ መኪናዬ ውስጥ እተኛለሁ። አንተ የራስህን ፈልግ።» ወደ ላይ ይወጡ ጀመር፤ በደም የራሰ እጃቸው መሰላሉ ላይ እየተንሸራተተ። ዲሹን ሊመልሱት ነው።

ማናሴ ሳያስበው ከኋላ ኮታቸውን ጨምድዶ ጎተታቸው። ጀርባቸው መሬት ሲመታ ትንፋሻቸው ሲወጣ ተሰማው። ከላያቸው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ሰው መትቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ አገጫቸውን፣ አንድ ጊዜ አፋቸውን መታ፤ ጥርስ ጣቱን ሲቆርጠው ሕመሙ ይባስ አሳበደውና ሦስተኛውን ሲሰነዝር፣ የፒክአፑ ፍሬን ከጀርባው ጮኸ።

«ማናሴ?» አለ ኢንጂነር ሰይፈሚካኤል። ድምፁ ውስጥ ከቁጣው ይልቅ ግርምቱ ይበልጥ ነበር። «አንተ?»

ማናሴ ከሽማግሌው ላይ ተነሣ። ኢንጂነሩ ደሊልን አየ፤ ክንዱን አየ። «ይኼስ?»

«ከጣሪያ ወድቄ ነው» አለ ደሊል። «ዲሽ ሳስተካክል።»

«ጋሽ ዲበኩሉ፣ እውነት ነው?»

ሽማግሌው ተደግፈው ተቀመጡ። ማናሴ አያቸው። እውነቱን እነግረዋለሁ ያሉት ገና አሁን ነበር፤ ብረቱም እዚያው አጠገባቸው አፈር ላይ ወድቋል። አፋቸውን ከፈቱ፤ ደም ጢማቸው ላይ ወረደ። ካራቫኑን ቀና ብለው አዩ።

«ወድቆ ነው» አሉ።

ኢንጂነሩ ራሱን ነቀነቀ። «ካራቫኑን እዘጋዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ጉድጓዱ ተጀምሯል፤ ምትክ ኦፕሬተር ሲመጣም ማደሪያ ይፈልጋል። እኔ በዓይኔ ያየሁት አንድ ሰው አባቱ የሚሆን ሽማግሌ ላይ ተቀምጦ ሲደበድብ ነው። ልብስህን አውጣ፣ ማናሴ። ከደሊል ጋር አዳማ አደርስሃለሁ። ሌላ የጄኔሬተር ሰው አመጣለሁ።»

«ኢንጂነር፣ እኔ እኮ ሳስታርቃቸው...»

«አየሁህ አልኩህ።»

ማናሴ ገባ። ቴሌቪዥኑ በርቶ ስክሪኑ ባዶ ነበር፤ ደሊል ዲሹን ያዞረው በችኮላ ስለሆነ የትኛውንም አልያዘም። ቦርሳው ውስጥ የሚገባው ሁሉ ቶሎ ገባ። ብርድ ልብሱ የእሱ ይሁን የኩባንያው እርግጠኛ ስላልሆነ አጣጥፎ አልጋው ላይ ተወው። ሲወጣ ጋሽ ዲበኩሉ በጨርቅ አፋቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እንዲያልፍ ጉልበታቸውን ሰበሰቡለት እንጂ ቀና ብለው አላዩትም።

ፒክአፑ ወደ አዳማ መንገድ ሲወጣ ደሊል መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እየጮኸ፣ በሸሚዝ የታሰረ ክንዱን ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ወደ ማናሴ ዞረ።

«የት ነው የምትወርደው?»

«እኔ እንጃ።»

«እናቴ ጋ እንሄዳለን፣ ከሐኪም ቤት መልስ። ፍራሽ ሞልቷል። ቴሌቪዥን ግን የላትም።»

ማናሴ ሊስቅ ፈለገ። የደሊል ክንድ እንዳይነቀነቅ በመታበት እጁ ከሥር ደገፈለት።