የጥር ወር ቃጭል

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወረታ ላይ ጤነኛ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሩዙ ታጭዶ የፎገራ ሜዳ ለከብት ክፍት ሲሆን፣ ከተማው በየዓመቱ ትንሽ መስቀል የተቀረጸበት አንድ የመዳብ ቃጭል ይደበቅለታል። ደባቂው ያለፈው ዓመት አግኚ ነው። በየቅዳሜው አደባባይ ላይ በድምፅ ማጉያ ፍንጭ ይነበባል፤ ከዚያማ ነርሷም፣ ባለባጃጁም፣ ዲያቆኑም ሥራውን ጥሎ ሜዳ ለሜዳ ይባዝናል። ያገኘ ሰው ስሙ በሕዝብ ፊት ይጠራል፤ ሌላ ሽልማት የለም። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ ወረታን አያውቃትም።

አንለይ የሩዝ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው። ዘጠኝ ዓመት ፈልጎ፣ ዘጠኝ ዓመት ባዶ እጁን ገብቷል። "ዘንድሮ ካጣሁት ሁለተኛ አልወጣም" ብሎ በሚስቱ በመሠረት ፊት ማለ። "አምና የማልኸውስ?" አለችው እየሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር። ስሙ አንድ ቀን በዚያ ማጉያ ሲጠራ መስማት እንዴት እንደሚያጓጓው ለራሱም ያሳፍረዋል።

የዘንድሮው ደባቂ የቅኔ መምህሩ የኔታ ሉቃስ ናቸው። ሰዉ ፍንጫቸውን አስቀድሞ ፈርቶት ነበር፤ ሲነበብ ግን ሕፃን የሚፈታው ሆነ፦ "ከጉማራ ወንዝ ወዲህ፣ ከሾላው አጠገብ፣ ከገለባው ክምር ሥር።" አርባ ሰው በአንድ ቀን ወርዶ ክምሩን በታተነው። ምንም የለም። የኔታ "በገዛ እጄ ነው ያስቀመጥሁት!" ብለው ቢምሉም፣ በሁለተኛው ሳምንት "የኔታ አርጅተዋል፣ ረስተውት ነው" የሚል ሹክሹክታ ተጀመረ። አንለይ ግን የኔታን አምኖ መፈለጉን ቀጠለ።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ብቻውን ሾላው ሥር ተቀምጧል። ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ላም እየጋጠች መጣች። ይህችን ላም ፈላጊው ሁሉ ያውቃታል፤ ነርሷ ይርገዱማ "በቃጭሏ ሐሳቤን በተነችብኝ" ብላ ሁለት ጊዜ አባርራታለች። አንለይ እንደ ዋዛ አንገቷን አየ። ከቃጭሉ ከንፈር ላይ ትንሽ መስቀል ተቀርጿል።

የከተማው ቃጭል ነው። ዙሪያውን ቃኘ፤ ማንም የለም። ፈታው፤ እንዳይጮኽ በጋቢው ጠቀለለውና ወደ አስፋልቱ ገሠገሠ።

ሁለት ማሳ ሳይሻገር ከኋላው ድምፅ ሰማ።

"ቡሬ! ቡሬ፣ ወዴት ነሽ?"

ወንዙ ዳር የሚኖሩት የላሟ ባለቤት እትዬ ጽጌሬዳ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል። እጃቸውን ዘርግተው፣ ዝም ያለውን ሜዳ እያዳመጡ፣ ቀጥታ ወደ ወንዙ አፋፍ ይሄዳሉ። አንለይ ቆመ። ትቷቸው መሄድም ፈልጎ ነበር፤ አንዋሽም። ከዚያ ግን ተመልሶ ሮጠ።

ሲሮጥ ቃጭሉ ከጋቢው ወጥቶ ጮኸ። አሮጊቷ ቆሙ፤ ፊታቸው በራ።

"እሰይ! ባለቤቱ መጣህ?" አሉት። "ይኸው ስንት ቀን ስጠብቅህ። ቡሬ ገለባ ስትበላ ተክምሩ ሥር አወጣችው። የሰው ንብረት ቤቴ አልከተው ነገር! ተአንገቷ ባስረው ጌታው ሰምቶ ይመጣል ብዬ ነው። ለእኔም ዓይን ሆኖኝ ነበር። በል ውሰድ፣ የኔ ልጅ።"

"የእኔ አይደለም፣ እትዬ" አለ አንለይ። "ሰርቄዎት ስሄድ ነው የተመለስሁት።"

ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራቸው። እሳቸውም እስኪጨርስ ሰሙት።

"ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር" አሉት።

በማግስቱ በባጃጅ አደባባይ አደረሳቸው። የኔታ ቃጭሉን ዳስሰው መስቀሉን አገኙት። "ብያለሁ እኮ! ብያለሁ!" አሉ። ቀጥለውም ማጉያውን ይዘው "አግኚው ማን ይባላል?" ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ ወደ አንለይ ዞረ። ይርገዱ እልልታዋን ጀምራዋለች። እሱ እንኳን ደስ ያለህ የሚሉትን ዓይኖች አየና ወደ አሮጊቷ ጠቆመ።

"ወይዘሮ ጽጌሬዳ" አለ።

ማጉያው ያንን ስም እስከ ሜዳው አደረሰው። አንለይ ከፋው፤ ደስም አለው። የቱ እንደሚበልጥ መሠረት ብትጠይቀው እስከ ዛሬ አይነግራትም።

የኔታ ቃጭሉን ለእትዬ ጽጌሬዳ መልሰው ሰጧቸው። "እስከ ከርሞ ጥር ቡሬ ትያዘው። የከርሞዋ ደባቂ ግን እርስዎ ነዎት፤ የት እንደሚደብቁት ከአሁኑ ያስቡበት" አሏቸው።

እትዬ ጽጌሬዳ ወደ ሕዝቡ ጫጫታ ዞሩ።

"ተእነዚህ?" አሉ። "ተእነዚህ ምን መደበቅ ያስፈልጋል! እዚያው ቡሬ አንገት ላይ እተውላቸዋለሁ።"