ባሉንጊ የገባበት ሰላጣ

ሮሃ መቀመጥ አይሆንላትም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ናይሮቢ ውስጥ ከኢምባካሲ እስከ ዌስትላንድስ በሚኒባስ ታክሲ፣ በማታቱ፣ እየተመላለሰች የአውሮፕላን ቲኬት በሚቆርጥ ቢሮ ትሠራለች። እዚያ መቀመጥ ግዴታዋ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ግን የሚይዛት የለም። ታጥባለች፣ ታጥፋለች፣ የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች።

አማቷ አቦይ በራኺ እሷ ቤት ከገቡ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። አቦይ በራኺ አስመራ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ አማርኛ የለመዱ፣ ናይሮቢ ላይ ያረጁ መካኒክ ናቸው። ባለቤታቸው ሲያርፉ ልጃቸው ተስፋኣለም፣ የሮሃ ባል፣ "ብቻዎን አይኖሩም" ብሎ አመጣቸው። ሐኪም የደም ግፊት መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ጨውም ከለከላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ይገፋሉ። ሮሃ ያቀረበችውን ሁሉ በሹካ ነካ ነካ አድርገው፣ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ" ይላሉ። ሱሪያቸው በቀበቶ ካልሆነ አልቆም ብሏል። ተስፋኣለም አንድም ቀን አልወቀሳትም፤ እሷ ግን ሰው ሁሉ "አማቷን ጦም አሳደረች" እያለ የሚያማት ይመስላታል።

በዚያ ቅዳሜ ተስፋኣለም ኤርፖርት፣ ጭነት ክፍል ተረኛ ነበር። ሮሃ ቁርስ ላይ የተገፋውን ሳህን ስታነሳ አንድ ሐሳብ መጣላት። ጨው ባይኖር ኮምጣጣ ነገር ምላስ ያነቃል። ሎሚና ብርቱካን ጨምቃ የሰላጣ ማጣፈጫ ብትሠራላቸውስ? ሳትውል ሳታድር ዘንቢሏን ይዛ ከግቢው በር ውጭ አትክልት ወደምትሸጠው ሴት ሄደች። ሎሚዎቹ ደርቀው ጠጠር መስለዋል። እንደምንም ሁለት መረጠች፤ ብርቱካንም ጨመረች።

"ባሉንጊ ውሰጂ" አለቻት ሴትየዋ በስዋሂሊ፣ ከብርቱካን ከፍ ያለ ቢጫ ፍሬ በእጇ እየመዘነች። "ውኃ የሞላው ነው። ይኮመጥጣል፣ ትንሽ መረርም ይላል።"

ሮሃ ባሉንጊ ቀምሳ አታውቅም። ወፍራም ብርቱካን ነው ብላ ሁለት ወሰደች።

ቤት ገብታ ሁሉንም ጨመቀች። ዘሩን አጥልላ ጭማቂውን ክዳን ባለው ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች። የወይራ ዘይት አከለችበት፤ ትንሽ ማር፣ ትንሽ ሰናፍጭ፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ። ክዳኑን አጥብቃ ዘይቱና ጭማቂው እስኪዋሐዱ ናጠችው። በጣቷ ቀመሰች። መረራት። ማር ጨመረች። አሁን ጣፈጠባት፤ ሎሚ ጨመረች። እንደገና ናጠች፣ እንደገና ቀመሰች። በመጨረሻ ምላሷ ደንዝዞ መለየት ሲያቅታት ብልቃጡንና ማንኪያውን ይዛ ሳሎን ገባች።

"አቦይ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ።"

አቦይ በራኺ ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

"ጨው አድርገሽበታል እንዴ?"

"ጠብ አላለበትም።"

"ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የሚለው?"

ሮሃ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሰላጣውን ቆራረጠች፤ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ የተቀቀለ እንቁላል አደረገችበትና ማጣፈጫውን አፈሰሰችበት። ሁሌ እንደምታደርገው አቅርባ ልትመለስ ነበር፤ ነገር ግን ሽታው አጓጓት። ወንበር ስባ ከአማቷ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ከአንድ ሳህን መብላት ጀመሩ። አቦይ በራኺ ያንን ጨርሰው ሌላ ጠየቁ። ከሳህኑ ሥር የቀረውንም በዳቦ ጠራርገው በሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ "እግሬን ላፍታታ" ብለው ወጡ። ከመጡ ወዲህ በራሳቸው ፈቃድ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሮሃ የባዶውን ሳህን ፎቶ አንስታ ለፍቅርተ ላከችላት። ፍቅርተ የቤተ ክርስቲያን እኅቷ ናት፤ ዌስትላንድስ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

"እልል በይልኝ!" አለች ሮሃ።

"እልል! በምን ዘዴ ነው እንዲበሉ ያደረግሽው?"

"ማጣፈጫ ሠራሁላቸው። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ባሉንጊ..."

"ባሉንጊ? ግሬፕፍሩት?"

"በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። ቢጫ ነው፣ መረር ይላል።"

"ሮሃ፣ የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ስሙ ማን ነው? ካርቶኑን አይተሽ ንገሪኝ።"

ሮሃ ከአማቷ ክፍል ካርቶኑን አምጥታ ፊደል በፊደል አነበበችላት።

"ስሚኝ፣ አትደንግጪ። ያ ፍሬ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይስማማም። መድኃኒቱ ከልክ በላይ እንዲሠራ ያደርገዋል። ግፊታቸው በጣም ሊወርድ ይችላል። የበሉት ትንሽ ስለሆነ ምናልባት ምንም አይሆኑም። ግን ዛሬ ብቻቸውን መሆን የለባቸውም። አጠገብሽ ናቸው?"

ሮሃ ክፍት የቀረውን በር አየች። ስልኩን ዘግታ በቤት ነጠላ ጫማዋ ወጣች።

የአቦይ በራኺ ስልክ ላይ ደወለች፤ ጥሪው ከኋላዋ፣ ከመኝታ ቤታቸው ተሰማት። ተስፋኣለም ጋ ደወለች፤ አያነሳም። የግቢው ጥበቃ፣ "ሽማግሌው ወደ ስቴጅ ወርደዋል" አላት። ማታቱ ከሚቆምበት ቦታ ደረሰች፤ የሉም። ፀጉር ቤት ገባች፣ የሉም። ኪዮስኩን ጠየቀች፣ አላየናቸውም አሏት። የመጣችበትን መንገድ ተመልሳ ጀመረችው፤ ሐሳቧን ቀየረችና እንደገና ዞረች። "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" ትላለች፤ ከዚያ የሚቀጥለው ቃል አልመጣላትም። ከአናቷ በላይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ጩኸቱ የራሷን ድምፅ ዋጠው። ባሏን ምን ልትለው ነው? አባትህን ሰላጣ አብልቼ ገደልኳቸው?

ድንገት መኪና ትዝ አላት። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው እግሩን ቢያፍታታ የት ይሄዳል? ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ወዳሉት ጋራዦች ሮጠች።

አቦይ በራኺ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ደግፈዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ አንገታቸው በላብ ርሷል። አንድ መካኒክ የውኃ ጠርሙስ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።

"ትንሽ ዞረብኝ" አሉ ሲያዩዋት። "አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? ጫማሽስ?"

አንዱ ነጠላ ጫማ የት እንደወለቀ አላስተዋለችም ነበር።

መካኒኩ ታክሲ ጠርቶላቸው በቅርብ ካለ ክሊኒክ ገቡ። ሐኪሟ ግፊታቸውን ለካች። ሮሃ ባሉንጊውን ነገረቻት፣ የመድኃኒቱን ካርቶንም አሳየቻት፤ በእጇ ጨብጣው እንደወጣች ያወቀችው ያኔ ነው። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። "ወርዷል፣ ግን የሚያስፈራ አይደለም። እግራቸውን ከፍ አድርገው ይተኙ። እስኪመሽ እዚሁ እናያቸዋለን።"

ሮሃ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችበትም። መጋረጃውን ገለጠች፣ መልሳ ዘጋች። ነርሷን ፍለጋ ወጣች፤ ነርሷ "አሁን እኮ ለካናቸው" ስትላት ተመለሰች። ትራሳቸውን አስተካከለች፤ ውኃ ቀዳች፤ ስልኳን አየች፤ እንደገና ወደ በሩ ሄደች።

"ሮሃ፣ ተቀመጪ" አሉ አቦይ በራኺ።

"እሺ አቦይ።" ቆማ ቀረች።

"ተቀመጪ አልኩሽ እኮ።"

ተቀመጠች። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

"ልገድልዎት ነበር።"

"በሰላጣ?" ሳቅ አሉ። "በፊት በፊት ክሪኩ ተንሸራቶ የጭነት መኪና ከጆሮዬ ሥር ወድቆ ያውቃል። ከዚያ ተርፌ በሰላጣ ብሞት ሰው ምን ይለኛል?" ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። "ዛሬ ለምን እንደበላሁ ታውቂያለሽ?"

"ማጣፈጫው ጥሞዎት ነዋ።"

"ጥሞኛል። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሌላ ቀን ሳህኑን ታስቀምጪና ቆመሽ ታዪኛለሽ። አንዴ ወጡን፣ አንዴ ፊቴን። ወደ ጓዳ ትሄጃለሽ፣ ተመልሰሽ ደግሞ ታዪኛለሽ። ፈተና የተቀመጥኩ ይመስለኛል፤ መብላት ያቅተኛል። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከእኔ ጋር ከአንድ መሶብ ነው የበላችው። ብቻዬን መብላት አልተማርኩም። ዛሬ ቁጭ ብለሽ አብረሽኝ በላሽ።"

"እና ለምን አልነገሩኝም?"

"በሰው ቤት እንግዳ ተቀመጪ ብሎ ያዛል?"

"እንግዳ ነዎት እንዴ?"

አቦይ በራኺ ጣራውን አዩ። "እንጃ ልጄ። አንቺ ስትሮጪ እንግዳ እሆናለሁ።"

ሮሃ አስተናግዳ የማትጠግባቸው፣ ልብሳቸውን ሳይቆሽሽ የምታጥብላቸው፣ አልጋቸውን በየቀኑ የምታነጥፍላቸው ሰው ጎን እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ብላ ቁጭ እንዳላለች አሰበች። ሲመጡ እንዴት እንዳዘኑ እንኳ ጠይቃቸው አታውቅም።

"ባለቤትዎ ምን ምን ይሠሩልዎት ነበር?" አለች በመጨረሻ።

አቦይ በራኺ መናገር ጀመሩ። ነርሷ ደጋግማ ገብታ ለክታ ወጣች። ሮሃ ሁለት ጊዜ ልትነሳ አስባ ተወችው።

ግፊታቸው ወደ ደህናው ሲመለስ፣ ጥሪዋን ዘግይቶ አይቶ የደወለላት ተስፋኣለም የሥራ ሰደርያውን እንኳ ሳያወልቅ ደረሰ። የሆነውን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

"ትንሽ ጠይቀሽ ብትሰጪያቸው ምን ነበረበት?"

"ተዋት" አሉ አባቱ። "ከልቅሶው ወዲህ ጠግቤ የበላሁት ዛሬ ነው።"

በማግስቱ ፍቅርተ ደውላ፣ ሎሚና ተራው ጣፋጭ ብርቱካን ከመድኃኒቱ ጋር ችግር እንደሌለባቸው፣ ባሉንጊ ግን ቤት እንዳይገባ አስጠነቀቀች። ከአምልኮ መልስ ሮሃ መንገድ ላይ የገዛችውን ሎሚ ልትጨምቅ ስትል አቦይ በራኺ ቢላውን ከእጇ ወሰዱ። በዚያ ብሎን በለመደ እጃቸው አንዱን ሎሚ አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩበት ጨመቁት። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው የዘይቱን ልክ አዩ። ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ተከራከሩ፤ እሳቸው በዛ አሉ፣ እሷ አነሰ አለች። ማሩ ላይም አልተስማሙም።

ምሳው ሲቀርብ ሮሃ አንዴ ለቢላ፣ አንዴ ለውኃ ተነሳች። ለሦስተኛ ጊዜ ልትነሳ ስትል አቦይ በራኺ ቀና ብለው ሲያዩዋት ተመልሳ ተቀመጠችና ሹካዋን አነሳች። ተስፋኣለም ቅጠል ለበግ ነው ብሎ ዳቦውን ብቻ ይበላ ነበር። አባቱ ልጃቸው ያልነካውን የሰላጣ ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡና መብላታቸውን ቀጠሉ።