የሁለት ጓዳ ድስት

አልጣሽ በደባርቅ ገበያ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ምላሷም ከምትሸጠው ሽንኩርት የማይለዝብ ሴት ነበረች። ጎረቤቷ አሲያ ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ ትሸጣለች። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው፤ ቆጣሪያቸው አንድ፣ ቧንቧቸው አንድ። ልጆቻቸው ደግሞ ተደባልቀው ስለሚውሉ አከራያቸው የትኛው የማን እንደሆነ መለየቱን ከተወው ቆይቷል።

ሁለቱን እናቶች እኩል የሚያንገበግባቸው ነገር ምሳ ነበር። የደባርቅን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ የባቄላ ክክ ከሰሉን ሁሉ በልቶም ገና ጥሬ ነኝ ይላል። እናቶቹ ጠዋት ወደ ሥራ ይሮጣሉ። ልጆቹ እኩለ ቀን ላይ ሆዳቸው እየጮኸ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ደረቅ እንጀራና አዋዜ ነው። አልጣሽ ይህን ባሰበች ቁጥር ከገዥ ጋር ትጣላ ነበር። ገዥው ምን አጠፋ?

ሚሊኒየሙ በተከበረ በቀጣዩ ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ የአሲያ ባል ሸሀቡ ከጎንደር ሸቀጥ ጭኖ ሲመለስ ሁለት እንግዳ የኤሌክትሪክ ድስቶች ይዞ መጣ።

«ስሎው ኩከር ይባላል» አለ፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ እያላመጠ። «ጠዋት ከታችሁበት ትሄዳላችሁ። እሱ ቀስ እያለ ሲያበስል ይውላል። የሚበላው መብራት ደግሞ የጥቂት አምፖል ያህል ነው፤ ቆጣሪውን አያስጮኸውም።»

አንደኛው ድስት ትልቅና የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ፊቱ ላይ ቁጥር ይበራበታል። ሌላው ድብልብል ያለ፣ አንድ መዘውር ብቻ ያለው፣ መልኩም እዚህ ግባ የማይባል ነው። የአልጣሽ ዓይን በሚያብረቀርቀው ላይ ተተከለ። አሲያ ግን የነጋዴ ሚስት ናት፤ ባሏም ቢሆን አያታልላትም።

«መብራት ቢሄድስ?» አለች።

«ሲመጣ ይቀጥላላ።»

«እስቲ አሠራውና ንቀለው፤ መልሰህም ሰካው።»

ሸሀቡ እየሳቀ ሁለቱንም ነቅሎ ሰካ። ባለቁጥሩ ድስት ዜሮ አብርቶ ዝም አለ። ባለመዘውሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ቀጠለ።

«ያንን መብራት ለማይሄድበት አገር ሽጠው» አለች አሲያ፤ ባለመዘውሩም ተመረጠ።

ዋጋው ለአንድ ጓዳ ስለሚከብድ አዋጥተው ገዙት። ከገበያ ተሸክመውት ግቢ ሲደርሱ አሲያ ድንገት ቆም አለች።

«አልጣሽ፣ አንድ ነገር አለ። ሥጋ አይግባበት። የእናንተም፣ የእኛም።»

አልጣሽ አላንገራገረችም። ክርስቲያን ያረደውን አሲያ አትቀምስም፤ ሙስሊም ያረደውን አልጣሽ አትቀምስም። ይህ በአገሩ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ወግ ስለሆነ ማንም በማንም አይቀየምም። «ሥጋ ሳያውቅ ይኑር» ተባባሉና ድስቱን በአልጣሽ ጓዳ አስቀመጡት።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሾርባ ሆነ። በከሰል እንደለመዱት ውኃውን ደፍተውበት ነበር፤ ይህ ድስት ደግሞ ክዳኑን ገጥሞ ጠብታ እንኳ የማያስወጣ ስስታም ነው። በሁለተኛው ቀን ልጆቹ በየደቂቃው ክዳኑን እየከፈቱ ሲያዩት ሙቀቱ ሸሸና ክኩ ደንድኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ገባቸው። ክኩን ማታ ይዘፈዝፉታል፤ ጠዋት ሽንኩርቱን፣ በርበሬውንና ጥቂት ዘይት ጨምረው ውኃውን ልክ አልብሰውት ይሄዳሉ። ክዳን የነካ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጣል። እኩለ ቀን ላይ ባቄላው እንደ ቅቤ ሟሙቶ ይጠብቃል። አንድ ቀን ክክ፣ አንድ ቀን ምስር፣ አንድ ቀን ድንች በሽምብራ። የከሰሉ ማዳበሪያ ጥግ ይዞ አቧራ ጠጣ።

አልጣሽን ያስደሰታት ግን ከሰሉ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ ልጆቹ አብረው ተጫውተው አብረው ተላፍተው፣ የምግብ ሰዓት ሲደርስ ግማሹ ወደዚህ ጓዳ፣ ግማሹ ወደዚያ ጓዳ ይጠራ ነበር። አሁን አንድ ትሪ ቀረበላቸው። የእሷ ሕሊናና ቻላቸው፣ የአሲያ ሙጃሂድና ሳጂዳ በአንድ ትሪ ዙሪያ እየተጋፉ ሲበሉ አልጣሽ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች፣ ደስታዋም ፊቷን ይሞላዋል። ለዚህ ትሪ ስትል ድስቱን እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀው ጀመር።

ባሏ ፀጋው የፓርክ ስካውት፣ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነው። ያን ሁዳዴ ቡይት ራስ በሚባለው የፓርኩ ተራራ ላይ በጥበቃ አሳለፈው። ስልክ በሠራ ቁጥር አልጣሽ ስለ ድስቱ ታወራለታለች፤ አጥንት እንኳ ቢሰጡት ያቀልጣል ብላም ፎክራለታለች። ውሉን ግን አልነገረችውም። በሁዳዴ ማን ስለ ሥጋ ያስባል?

በፋሲካ ዋዜማ ፀጋው ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ የደረሰውን የበግ ፍርምባ ይዞ ወረደ። አልጣሽ ልጆቹን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ዶሮ በዚያ ዓመት አልደፈረችውም፤ ለመፈሰኪያ ያዘጋጀችው እንቁላልና አይብ ብቻ ነው። ፀጋው ጓዳ ገብቶ ያን ዝነኛ ድስት አየው። ሚስቱ ሁለት ወር ጾማ ስትመለስ ትኩስ ቅቅል ቢጠብቃት ብሎ አሰበ፤ አሳቡን ሲያስበው ራሱን በራሱ ወደደው። ፍርምባውን ከነአጥንቱ ከተተ፣ ቅመሙን ነሰነሰ፣ መዘውሩን አዙሮ ተኛ።

አልጣሽ ጎህ ሲቀድ ግቢ ስትገባ ሽታው ተቀበላት። መጀመሪያ ምራቋ ሞላ። ቀጥሎ ወደ ጓዳ ሮጠች።

«ምን አደረግህ?»

«ቅቅል!» አለ ፀጋው፣ እጁን እያፋተገ። «አጥንቱ ብቻውን ቆሟል፣ ነይ እዪው!»

ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ከሰል መሰለ። ምስኪኑ ሰው፣ በሕይወቱ አንዴ ጓዳ ገብቶ!

አልጣሽ ልጆቿን ከቅቅሉ አበላቻቸው፤ ሥጋው ምን ኃጢአት አለበት? እሷ ግን በአይብ ፈሰከችና ድስቱን ይዛ ቧንቧው ዘንድ ተቀመጠች። በአመድ ብፈትገውስ? በሎሚ ባሸውስ? ማን ያያል? ሳጂዳና ሙጃሂድ በዚሁ ሲበሉ ታዩዋትና እጇ ቆመ። እነዚያ ልጆች አምነው የጎረሱትን እያየች እንደ ቀድሞው በሩ ላይ ቆማ መደሰት እንደማትችል አወቀች። ብትናገር ደግሞ ትሪው ለሁለት ይከፈላል። እንባዋ መጣ።

በዚህ መሐል አሲያ ለስላሳ መጠጥ በሣጥን ይዛ ብቅ አለች። «እንኳን አደረሳችሁ!» አለችና የአልጣሽን ፊት ስታይ ሣጥኑን አስቀመጠች። «ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«አሲያ፣ ድስቱ ሥጋ ገባበት። ፀጋው ነው፤ አላወቀም። ውሉን ያልነገርሁት እኔ ነኝ።»

 አሲያ ድስቱን አየችው፣ አልጣሽን አየቻት፣ ከበሩ ኋላ የተወሸቀውን ፀጋውን አየችው።

«ለመሆኑ ጣፈጠ?» አለች።

«እኔ እንጃ፤ አልቀመስሁትም።»

«እንዴት?»

«ሳልነግርሽ እንዴት ይወርድልኛል?»

አሲያ ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗ ውኃ አቀረረ። «አንቺ ሞኝ! ሁለት ወር ሙሉ ጾመሽ! ተነሺ፣ ብዪ!» ብላ ክንዷን ይዛ እየጎተተች ወደ ቤት አስገባቻት። ማስታጠቢያውን አንሥታ እጇን አስታጠበቻት፤ ከዚያ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ ጠበቀቻት። ሥጋው እውነትም ከአፍ ሳይደርስ ይቀልጥ ነበር።

ድስቱን ለማጠብ ሲነሡ ነው ነገሩ የተገለጠላቸው። አልጣሽ የድስቱን ሆድቃ፣ ምግቡ የሚገባበትን የውስጥ ዕቃ፣ ከኤሌክትሪኩ ቀፎ አውጥታ በእጇ ይዛለች፤ አሲያ አየችውና በጣቷ ቋ ቋ አደረገችው።

«ይህ እኮ ሸክላ ነው።»

«ታዲያስ?»

«ሥጋ የነካው ይህ ብቻ ነው። ቀፎው ምን ነካው? ሸክላ ደግሞ እኛም አገር ይሠራል!»

በሳምንቱ ሆድቃውን በነጠላ ጠቅልለው ሚኒባስ ተሳፈሩና ዳባት ወረዱ። ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ስጦታ ሆድቃውን ገልብጣ፣ በስንዝር ለክታ፣ «ለዚህ ነው ከደባርቅ ድረስ የመጣችሁ?» አለችና ሳቀች። ሠርታ የተኮሰችላቸው ሸክላ ሁለት ሆነ፤ አንዱ ለአሲያ ቤት ሥጋ፣ አንዱ ለጋራ። የፀጋው ጥፋት ያረፈበት የመጀመሪያው ለአልጣሽ በዓል ቀረ። አዲሶቹን በተልባ አሟሿቸው። ወፈር ስለሚሉ መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ ሙቀት ይዘው ይቆዩ ነበር።

የጋራው ሸክላ መጀመሪያ በሠራበት ቀን ክክ ነበር የተሠራው። ልጆቹ ትሪውን ከበው ይጋፋሉ። ፀጋው ዕረፍት ላይ ነበርና ሽታው ጠርቶት መጣ፤ ግን ደፍሮ መግባት አልቻለም፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ደጃፉ ላይ ቀረ። አልጣሽ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አሲያ ቀደመቻት።

«ጋሼ ፀጋው፣ ይግቡ እንጂ! ምን እንደ እንግዳ ይቆማሉ? ብቻ ክዳኑን ሌላ ሰው ይክፈትልዎ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ፀጋው አፍሮም ስቆም ገባና በልጆቹ መሐል ተንበረከከ። ትንሿ ሳጂዳ ቦታ ለቀቀችለትና፣ ከጉንጯ የሚበልጥ ጉርሻ ጠቅልላ፣ ሳትጠየቅ አፉ ውስጥ ከተተችለት።