የቢሻው ጠበቃ

«ተኛ ቢሻው ተኛ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣
ከችሎት የሚቆም ጠበቃ ወልደሃል።»

አልቃሿ ሽታዬ ይህን ስታወርድ ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዋይ አለ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ ወንዶቹ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ ደርበው ዞሩ። ደርበው ደነገጠ። ሌላ ጠበቃ ከአጠገቡ የተቀመጠ ይመስል ግራና ቀኙን አይቶ አቀረቀረ። የቢሻው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጠበቃ አይደለም፤ ሊሆንም አላሰበም።

«አታቀርቅር» አለው አጎቱ ደሴ ከጎኑ ሆኖ በሹክሹክታ። «ቀና በል። አድማሴ እያየህ ነው።»

አድማሴ ከሽማግሎቹ ጋር ከዳሱ ማዶ ተቀምጦ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዟል። የሟች ጎረቤት ነው፤ የሟች ባላጋራም ነው። በዚህ አገር ባላጋራው ሲሞት ለቅሶ የሚቀር ሰው የለም፤ ቢቀር «ደስ ብሎት ነው» ይባላል። አድማሴ ግን ለይሉኝታ የመጣ አይመስልም ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ ከዳሱ አልጠፋም፤ ዓይኖቹም ቀልተዋል።

ሁለቱን ያጣላቸው ከወንዙ ማዶ ያለች ግማሿ እርሻ፣ ግማሿ ቀርከሃ የሆነች መሬት ናት። ይህን ያህል የምታኮራ አልነበረችም፤ ነገር ግን በሚስትና በርስት ቀልድ የለም። ደርበው ሳይወለድ የጀመሩትን ሙግት ደርበው ጢም ሲያበቅልም አልጨረሱትም። አንዱ ሲረታ ሌላው ይግባኝ ይላል። ቀጠሮ ሲደርስ በየፈረሳቸው ጎን ለጎን ዳንግላ ይሄዳሉ፤ ችሎት ፊት ይዘላለፋሉ፤ ከመሸባቸውም አንድ ቤት አድረው፣ ያንኑ ነገር እያነሡ እየጣሉ አብረው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ጠብ ከዝምድና አይተናነስም።

ቢሻው ፊደል አልቆጠረም፤ አፉ ግን የተባረከ ነበር። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየወዘወዘ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲነሣ ጉዳዩን ሊያስፈጽም የመጣው ባለጉዳይ ሁሉ የራሱን ረስቶ ያዳምጠው ነበር። ተናግሮ አይጠግብም። ልጁን ዳንግላ ያስተማረው፣ ኋላም ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም አዲስ አበባ የላከው በአንድ ተስፋ ነው፤ እሱ በአፉ የጀመረውን ልጁ በወረቀት እንዲጨርስለት። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ነው፤ ያን ጊዜ ከአገው ምድር ኮሌጅ የገባ ልጅ በጣት ይቆጠር ነበር።

በኮሌጁ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ለሁሉም አንድ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ግን እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይመርጣል። ደርበው ንግድ ሥራን መረጠ። ለአባቱ የነገረው ሐምሌ ላይ፣ ለገበያ ወደ ዳንግላ ሲሄዱ ነበር።

«ንግድ?» አለ ቢሻው ፈረሱን አቁሞ። «ንግድ ደግሞ ይማሩታል? ጫግኒ የሚወርደው አህያ ነጅ ሁሉ የት ኮሌጅ ገብቶ ነው?»

«አባ፣ አህያ መንዳት አይደለም። ድርጅት ማስተዳደር ነው፤ ሒሳቡ፣ ገበያው፣ የባንኩ ሥራ። የጨረሰ ሰው ሥራ አይፈታም።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉን አልወደድሁትም።»

«እኔስ ወድጄው ነው?» አለ ቢሻውና ፈረሱን ኮለኮለው።

እስከ ዳንግላ ድረስ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። ለቢሻው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ገበያ ሲደርሱ ግን ልጁን በክንዱ ይዞ ድንች ወደሚሸጡት ሴቶች ወሰደው። ድንቹ በየጆንያው ተቆልሏል፤ ዝናብ የመታው መሽተት ጀምሯል።

«እስቲ ይህን እይ። ትምህርትህ ስለዚህ ምን ይላል?»

ደርበው መጀመሪያ የሚቀልድበት መስሎት ነበር። ኋላ ግን ልቡ ሞቀና ይናገር ጀመር። ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን ቆፍሮ በአንድ ሰሞን ገበያ ያወጣዋል፤ ስለዚህ በነጻ የተሰጠ ያህል ይሄዳል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ተባብረው ብርድ የሚገባው ማከማቻ ቢሠሩ፣ መኪና ተከራይተው ድንች ወደማይበቅልበት ቆላ ቢያወርዱት፣ ዋጋውን የሚቆርጡት እነሱ ይሆናሉ። ይህን ሊሠራ የሚችል የተማረ ሰው በአገሩ የለም። እሱ ያ ሰው መሆን ይፈልጋል። ቢሻው ድንቹን እያገላበጠ በጥሞና ሰማው። አባቱ ሰው ሳያቋርጥ ሲያዳምጥ ደርበው ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጨረስህ?» አለው በመጨረሻ።

«ጨረስሁ።»

«እንግዲያው ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገር። ለእናትህም ቢሆን።»

አፈረብኝ አለ ደርበው በልቡ። እንዲህ ያለ ንዴት ተናድዶ አያውቅም። እዚያው ዳንግላ አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ የክረምት ሥራ አገኘሁ ብሎ ቀረ፤ አባቱ «ና፣ እንጫወት» ብሎ ሰው ሲልክበትም ሥራ በዝቶብኛል ይል ነበር። ነሐሴ ላይ ቢሻው ለጉዳይ ጫግኒ ወርዶ የቆላ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። ደርበው ተጠርቶ ሲደርስ የአባቱ አፍ ተይዟል። ያ ተናግሮ የማይጠግብ ሰው ልጁን በዓይኑ ብቻ አየው፤ ከንፈሩን አንዴ አንቀሳቀሰ፤ በማግስቱ ሞተ።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ደሴ የወንድሙን ልጅ ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ይህ ሕግ የሚሉት ትምህርት መቼ ነው የሚያልቅ?» አለው።

«አጎቴ፣ እኔ ሕግ አልማርም። ንግድ ሥራ ነው የመረጥሁ። አባቴ አልነገረዎትም?»

 ደሴ ሰው እንዳለ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ።

«እኔን የነገረኝስ ሌላ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክረምቱን ሙሉ በሰንበቴው፣ በገበያው፣ በክርስትናው 'ልጄ ሕግ ገባ' ሲል ነው የከረመ። አድማሴ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። ራሱ ሽማግሌ ላከ። 'ከተማረ ጠበቃ ጋር አልሟገትም፣ መሬቷን ለቅቄያለሁ' ብሎ ቃል ሰጠ። ለመስቀል ወሰን ሊተከል ነው።»

«ውሸት ነዋ!»

«ውሸት መሆኑን አሁን ገና ሰማሁ። ሌላ ሰው እንዳይሰማው። አድማሴ ቢሰማ ቃሉን ያጥፋል፤ እናትህ ደግሞ ወንድ በሌለበት ቤት ከችሎት ችሎት ትንከራተታለች። ዝም በል። ከዝምታም የሚሻል አለ፤ እውነት አድርገው። ገና መስከረም አልጠባም። ሕጉን ነው የምፈልግ ብትላቸው ይከለክሉሃል?»

አይከለክሉትም። የከበደውም ይኸው ነበር። አንድ ቃል ብሎ ቢለውጥ የአባቱ ውሸት እውነት ይሆናል፣ እናቱም መሬቷን ይዛ ታድራለች፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሁሉ በማይወደው ሙያ ይገፋል። በያዘው ቢጸና፣ ነገሩም ቢወጣ፣ ያችን መሬት ከእናቱ እጅ የነጠቃት እሱ ራሱ ነው። ዳሱ ውስጥ ተመልሶ ተቀመጠ። እናቱ እታለማሁ በአገውኛ ታለቅሳለች፤ እንባዋን በጠረገች ቁጥር እሱን ቀና ብላ ታያለች፣ በኩራት ታያለች። አባቴ አፈረብኝ ወይስ ለመሬቱ አጥር አደረገኝ? ያን ቀን ገበያ ላይ በጥሞና የሰማው ትምህርቱን ነበር ወይስ ውሸቱን እያሰበ ነበር? ይህን ሊመልስለት የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ሰው በላከበት ጊዜ ደግሞ ደርበው ሥራ በዝቶብኛል ብሏል። ራሱን ጠላ።

በሰልስቱ ጧት አድማሴ በምርኩዙ ጠቀሰው። «ልጄ፣ እስቲ ወዲህ ና» ብሎ ከግቢው ውጭ ከኮሶው ዛፍ ሥር ይዞት ሄደ። ሲሄድ ግራ እግሩን ይስባል።

«ይህን እግሬን ያየኸው እንደሆነ» አለው፣ «በጉግስ ከፈረስ ወድቄ ነው። ያን ጊዜ ተሸክሞ ቤቴ ያደረሰኝ አባትህ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲሰድበኝ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ከሰሰኝ።» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ መሬቷ የእናትህ ናት። አንድ ነገር ልለምንህ። ልጆቼ እንደ እኔ ደንቆሮ ናቸው፤ ፊደል አያውቁም። ተምረህ ስትመጣ የቆየ ነገር መዘህ፣ ከዚያች መሬት የበላሁትን እህል አንሥተህ በሕግ እንዳታስነቅላቸው።»

ይህን ብሎ ጎንበስ አለና የደርበውን ጉልበት ሊስም እጁን ዘረጋ። ሽበታም ሰው፣ የፈረስ ጌታ፣ አባቱን ዕድሜ ልኩን ሲቋቋም የኖረ ሰው።

«ኧረ በእግዜር! አያ አድማሴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ደርበው ትከሻውን ይዞ አነሣው። «አላስነቅላቸውም» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሊል ነበር። ነገር ግን የሽማግሌው ትከሻ እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሽማግሌውን እንዲህ ያስፈራው ደርበው ያልሆነው ሰው፣ የሌለው ጠበቃ ነው። አልቻለም።

«እኔ ጠበቃ አይደለሁም» አለ። «ሕግ አልማርም። ንግድ ሥራ ነው የምማረው።»

አድማሴ በምርኩዙ ተደግፎ ቀና አለ።

«ቢሻውስ ያውቅ ነበር?»

«ከሐምሌ ጀምሮ።»

«ዓይን ዓይኔን እያየ...» አለ አድማሴ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ። ትከሻው ይነቀነቅ ጀመር። ደርበው የተቆጣ መሰለው። ሰውየው ግን እየሳቀ ነበር። ለቅሶ ቤት ነውና ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ሳያስበው ልቅሶ ሆነ። «አንተ ቢሻው! አንተ ቀጣፊ! ዳኛ ሁሉ ያላስለቀቀኝን በሌለ ጠበቃ ታስለቅቀኝ? ከእንግዲህ ከማን ጋር ልሟገት? ከማን ጋርስ ዳንግላ ልሂድ?»

ደርበው እስኪበርድለት ጠበቀው። «እንግዲህ ምን ያደርጋሉ?» አለ ቀስ ብሎ።

አድማሴ ዓይኑን ጠረገ። «ምን አደርጋለሁ? ቃሌን ባጥፍ ለምን አጠፍህ ይሉኛል። ሙት አታለለኝ ልበል? አገር ምድሩ ይሳለቅብኛል። ጠበቃ ፈርቶ ለቀቀ ቢሉኝ ይሻለኛል፤ ጠበቃ የማይፈራ የለም።» የደርበውን አንጓ ጨመቅ አድርጎ ያዘው። «ስለዚህ አንተ ጠበቃ ነህ። አዲስ አበባ የፈለግኸውን ሁን፤ ነጋዴም ሁን፣ ባንክም ግባ። ይህን አገር ስትረግጥ ግን ጠበቃ ነህ። ልጆቼ እንዳይሰሙ። እኔ ብሞትም እንዳይሰሙ።»

«ለእናቴስ ልንገራት?»

«ለእናትህም እንዳትነግር።»

ደርበው መገላገል ሲገባው ሆዱ ባባ። የመረጠውን ይማራል፤ ማንም አይከለክለውም። የመረጠው ግን እዚህ ሊሠራበት ነበር። ማከማቻውን፣ መኪናውን፣ የድንቹን ገበያ ሁሉ ያሰበው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ነጋዴ ሆኖ ወደነሱ መምጣት ደግሞ ከእንግዲህ አይችልም። በአገሩ ሊኖር የሚችለው አባቱ የፈጠረው ሰው ብቻ ነው። አባቴ ይህን አስቦበት ይሆን? አለ በልቡ፤ መልስ እንደማያገኝ እያወቀ።

ወደ ዳሱ ሲመለሱ የአድማሴ ሚስት ወርቅአየሁ እዝን ይዛ ደርሳለች። እንጀራውን ከምስር ወጡ ጋር ከእታለማሁ ፊት አቀረበች። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ የባላጋራ እዝን ነውና የሟች ቤተ ሰብ ከቀመሰው እርቅ ነው፣ ካልቀመሰው ደግሞ ጠቡ አልበረደም ማለት ነው። እታለማሁ አልነካችም። ልጇን ታይ ነበር።

አድማሴ እጁን ታጥቦ ከደርበው ፊት ተንበረከከ። እንጀራውን ቆረሰ፤ በምስሩ አዳርሶ ጠቀለለው። ከዚያም ከዳሱ ጫፍ የተቀመጠው ሰው እንኳ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ብላ፣ ጠበቃው!» አለ።

ደርበው አፉን ከፈተ። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ጉንጩን ሞላው፤ ማላመጥ አቃተው። እንባው ዝም ብሎ በጉንጩ ወረደ። እናቱ በዓይኗ ትጠብቀው ነበር። እሷን እያየ ዋጠው።