አናጢው ስለ ጣውንት ያነበበው

አናጢውና ሚስቱ ከተጋቡ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን የአናጢው ታላቅ ወንድም መጣና፣ ሚስቲቱ እየሰማች፣ «ሁለተኛ አግባ። አብርሃምም ያዕቆብም አድርገውታል፤ መጽሐፉ ላይ አለ። ልጅቱን አይቻታለሁ። የዛሬ ወር መልስህን እሰማለሁ» ብሎ ሄደ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አናጢው ከሥራ ሲነሣ እጁን ታጥቦ፣ እርሳሱን ከጆሮው ሳያወርድ መጽሐፍ ቅዱሱን ይገልጣል። ፊደል የቆጠረው ለጥቂት ጊዜ ስለነበር በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚያነበው። ሚስቱ ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰች፣ ቀለም እየቀባች ከጎኑ ትውላለች። መጠየቅ ግን ፈራች። ከመጽሐፉ ፈቃድ የሚፈልግ መሰላት። ጣውንቷ በሩን ገፍታ ስትገባ ይታያት ጀመር፤ እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት።

ቀኑ ደረሰና ታላቅየው መጣ። ገና ሳይቀመጥ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገ፤ ፊቱ በራ።

«አላልኩም! ይኸው፣ ምልክት አድርገህበታል። አብርሃም ጋ ኤክስ፣ ያዕቆብ ጋ ኤክስ፣ ሕልቃና ጋ ኤክስ! እህቴ፣ እንግዲህ ቻይው፤ የእግዜር ቃል ነው።»

አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። ወፍራም የአናጢ ኤክስ ነው። ባሏ ኤክስ ያደረገበት ሳንቃ የተሰነጠቀ ነው፤ ዕቃ አይሠራበትም፣ ማገዶ ነው። ደረቷ ላይ የከረመው ድንጋይ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ማግባታቸውን ነገርከኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘለልከው» አለ አናጢው። «አጋር ልጇን ይዛ በረሃ ለበረሃ ተንከራተተች። የያዕቆብ ሚስቶች፣ እህትማማቾቹ፣ በአንድ ባል ተናከሱ። የሕልቃና ሚስት ሐና ጣውንቷ እያበሸቀቻት እህል እንቢ አላት። ቤታቸው ሰላም ሆነ የሚል ፈልጌ አጣሁ። መጀመሪያው ላይ ያሉት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው፤ እዚያ ኤክስ አላደረግሁም።»

«ዘርህስ?»

«ሰጪው ሲሰጥ። ለልጅ ብዬ ይህችን አላስለቅስም። ልጅቱን ከወደድካት አንተ አግባት።»

«ሚስቴ ትገድለኛለቻ!»

መጀመሪያ የሳቀችው የአናጢው ሚስት ናት። ታላቅየውም ሊቆጣ አስቦ ሳቁ አመለጠው፤ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

«ወሩን ሙሉ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? አንጀቴ አረረ እኮ» አለችው።

«ዛሬ ጠዋት ነው የጨረስኩት። ሳልጨርስ ምን ብዬ ልናገር?»

«የአንተ ንባብ ሊገድለኝ ነበር» አለችና ከሥራ ቤቱ አጠገብ ካለችው ክፍል ገብታ፣ በቀን ጋደም አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። አናጢው እስክትነቃ ድረስ ሲለካና ሲያሰምር ዋለ እንጂ መዶሻ አላነሣም።